ሦስቱ የማይነቀሉ እንሰቶች

ዶላሞ በአፉ ሃያ ሦስት ሰው ገድሏል። በእጁ ግን ዶሮ ለማረድ እንኳ ጎረቤት የሚጠራ ሰው ነው። ሥራው ነው፤ ጂንካ ፖሊስ ጣቢያ አስተርጓሚ ነበረ። የአሪውን፣ የበናውን፣ የፀማዩን ቃል ወደ አማርኛ ይመልሳል። ተከሳሹ «ገደልኩት» ሲል እሱም «ገደልኩት» ይላል፤ ቃል እንደወጣ ነው የሚጻፈው። ቀኑን ሙሉ ሲሰርቅ፣ ሲገድል፣ የሰው ሚስት ሲቀማ ይውልና ማታ ቤቱ ገብቶ ጎመኑን በልቶ ይተኛል። ይሄ ሥራ አይከብድህም ወይ ሲሉት፣ ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ እንወጣለን ይላል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም ይላሉ የሚያውቁት። ታላቅ ወንድሙ ለማ በስልሳ ዓመተ ምህረት ከጠፋ ወዲህ ነው የደነዘዘው። ለማ ከጂንካ በላይ፣ ደጋው ላይ፣ የወልደ ጊዮርጊስ ጭሰኛ ነበረ። የወልደ ጊዮርጊስ አባት ከሰሜን መጥቶ መሬት የያዘ ሰው ነው፤ መሬቱ ከማን እንደተያዘ ለማ መጠየቅ ጀመረ። ማመልከቻ አጽፎ፣ ነገ ጂንካ ወርጄ ክስ አስገባለሁ አለ። ነገ ሲመጣ ለማ የለም። ወልደ ጊዮርጊስ፣ አዋሽ ጥጥ ለቀማ ሄዷል አለ። ዘበኛው ሀብተ ማርያምም ስንቁን ይዞ ሲሄድ አይቼዋለሁ ብሎ ማለ፤ ስንቁ በሶ መሆኑን ሳይቀር ተናገረ።

እዚያ አገር ሬሳ ሳይታይ ልቅሶ አይቀመጡም። እናትየው ሳታለቅስ ሞተች። የለማ ሚስት አረጋሽም ባል ያላትም የሌላትም ሳትሆን አሥራ ሰባት ዓመት ኖረች። ዶላሞም፣ ወንድሜ ሞቷል እንዳይል ሬሳ የለም፤ አለ እንዳይል ሰውዬው የለም። ተወው።

መሬት ላራሹ ሲታወጅ ለወልደ ጊዮርጊስ ቤቱና ጓሮው ብቻ ቀሩለት። አረጋሽ እዚያው ጓሮ እንሰት ፋቂ ሆና ገባች። እንሰት ፍቆ ቆጮ ማድረግ የሴት ሥራ ነው፤ እሷን የሚያህል ፋቂ ደግሞ በዚያ ደጋ አልነበረም።

በሰባ ሰባት፣ በዚያ በረሃቡ ዓመት፣ መጀመሪያ ሀብተ ማርያም ሞተ። ከጠላ ቤት ሲመለስ ጭንቅላቱ ተፈርክሶ መንገድ ላይ ተገኘ። ሰክሮ ወድቆ ነው ተባለ። ሰክሮ የወደቀ ሰው ጭንቅላቱ ከኋላ ሦስት ቦታ አይፈረከስም፤ ግን ቀባሪው ተርቦ ስለነበር ቶሎ ተቀበረ። በሦስተኛው ሳምንት ወልደ ጊዮርጊስ በዚያው ዓይነት ምት፣ ገዛ ጓሮው ውስጥ ተዘርግቶ ተገኘ። እሱንም ሰክሮ ነው እንዳይሉ መጠጥ የማይቀምስ ሰው ነበረ።

ከአርባ ምንጭ መቶ አለቃ ሸዋንግዛው መጣ። የወንጀል ምርመራ ኮርስ የወሰደ ሰው ነው፤ መውሰዱን ላላገኘው ሰው ሁሉ ሰው ልኮ ያሳውቃል ማለት ይቻላል። ኮርሱ ውስጥ እንሰት አልነበረም።

ጓሮው ሲደርሱ መቶ አለቃው ዳናውን በሜትር መለካት ጀመረ። ዶላሞ ሬሳውን አየ፤ ሬሳ ለሱ አዲስ አይደለም። ቀና ሲል ግን ሦስት እንሰት አየ። አብበዋል።

እንሰት ሳያብብ ነው የሚነቀለው። ካበበ ጉልበቱ ሁሉ ወደ አበባው ይሄድና ሥሩ ገመድ ይሆናል። በጥጋብ ዓመት እንሰቱን እስኪያብብ የተወ ሰው ሰነፍ ይባላል። በሰባ ሰባት ግን ሰው ክንድ የማያክል ጨቅላ እንሰት ነቅሎ ይቀቅል ነበረ። እዚያው ጓሮ ዙሪያው ሁሉ ተነቅሎ ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኗል። መሀል ላይ ሦስቱ ብቻ አበባቸውን ቁልቁል አንጠልጥለው ቆመዋል።

ዶላሞ የሟችን ሚስት ወይዘሮ አስካለን፣ እንዲያው ለወሬ ያህል፣ እነዚህ ምነው ሳይነቀሉ ቀሩ አላቸው። ወይዘሮዋ ኀዘናቸውን ለአፍታ ትተው ተናደዱ። ባላቸው እዚህ ቦታ ላይ መጀመሪያ በስልሳ ዓመተ ምህረት በገዛ እጁ ነው የተከለው። የመጀመሪያዎቹን አትንኩ ብሎ፣ አብበው፣ ደርቀው፣ በስብሰው ወደቁ። እላያቸው ላይ እነዚህን ተከለ። ዘንድሮ እንኳ አረጋሽ እንንቀልና እንብላ ብትለው ዱላ ይዞ አባረራት።

እንሰት ሲነቀል ሥሩ ይቆፈራል። በረሃብ ዓመት የማይቆፈር መሬት ስሩ ምን እንዳለ ለማወቅ እንደ ዶላሞ ያለ የአሪ ልጅ ነጋሪ አያሻውም። ዶላሞ ስልሳ የሚለውን ሰማ፤ ወንድሙን ለማን አገኘው። ወዲያው ደግሞ ይሄንን ከሱ በፊት ማን እንዳየው ገባው።

«ምን ታያለህ?» አለው መቶ አለቃው።

«እንሰት ነው ጓድ።»

«እሱን እኔም አያለሁ።»

«አዎ ጓድ።»

በማግስቱ ለምስክርነት አረጋሽ ተጠራች፤ ጓሮው ውስጥ የምትሠራ እሷ ናትና። የጣቢያው ክፍል ውስጥ መቶ አለቃው፣ ዶላሞና እሷ ብቻ ናቸው። አረጋሽ ገበያ ላይ ከጎጃሜ ጨው ነጋዴ ጋር በአማርኛ ተከራክራ የምትረታ ሴት ናት። ያን ቀን ግን አማርኛ አላውቅም አለች። መቶ አለቃው የምታውቂውን ተናገሪ ሲላት፣ ዶላሞን እያየች በአሪ እንዲህ አለች፦

«ሁለቱንም በዘነዘና የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ሀብተ ማርያም ጠጥቶ ነገረኝ። ለማ ከሦስቱ እንሰት ስር ነው፤ ጉድጓዱ አጥሮ እግሩን አጥፈው ነው የከተቱት። ጌትየውን ስጠይቀው ደግሞ ውሸት ነው ብሎ እንኳ አልካደም፤ ሥራሽን ሥሪ አለኝ። እንግዲህ ዋርሳዬ፣ የባሌ ወንድም ነህ፤ እንደፈለግህ ንገረው።»

ሁለት ሰው የገደለ ሰው በዚያ ዘመን በጥይት ነው የሚሄደው። ዶላሞ ያውቃል፤ ስንቱን ፍርድ ለባለቤቱ ያስረዳው እሱ ነው። አፉ ደግሞ የሰማውን መልሶ መትፋት የለመደ አፍ ነው። «የገደልኳቸው» የሚለው ቃል ጥርሱ ድረስ መጥቶ ቆመ።

«እኔ እንሰት ፋቂ ነኝ» አለ በአማርኛ። «ምንም አላየሁም። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ደግ ሰው ነበሩ።»

መቶ አለቃው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እሷ ያን ሁሉ ተናግራ፣ አንተ ይቺን ብቻ?»

«ሌላው ልቅሶ ነው ጓድ።»

«አላለቀሰችም እኮ!»

«የኛ ሰው እንባው ወደ ውስጥ ነው።»

መቶ አለቃው ጺሙን አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ ኮርሱ ትዝ አለው። ገዳይ በገደለው ሰው ላይ ማልቀስ አይችልም፤ ተምረናል አለ። ነገ ሠልስት ነው፤ ቆሜ አያለሁ፣ ያላለቀሰውን እይዛለሁ።

ነገሩ በአንድ ሌሊት አገሩን አዳረሰ። በሠልስቱ ዕለት ወልደ ጊዮርጊስ በሕይወቱ አግኝቶት የማያውቀውን ፍቅር አገኘ። ግብር ሲያስከፍላቸው የነበሩ፣ በሬ የቀማቸው፣ የገረፋቸው ሁሉ መጥተው ደረታቸውን ደቁ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ መሬቱን የወረሰው ራሱ፣ መሬት ላይ ተንከባለለ።

አረጋሽ ግን ጓሮው ውስጥ ገባች። ፊቷን ወደ ሦስቱ እንሰት አዙራ እንዲህ አለቀሰች የሚባል አይደለም። አሥራ ሰባት ዓመት የታጨቀ ነው የወጣው። ፊቷን ቧጨረች፤ ሴቶቹ እጇን ይዘው ለማስጣል ታገሏት። የውሸት የሚያለቅሱት አፈሩ።

«ምን ትላለች?» አለ መቶ አለቃው።

ዶላሞ እንደወጣ መለሰው፣ አንድም ቃል አልቀነሰም። «ሩቅ ሄዷል ሲሉኝ ደጅ ደጁን ሳይ ኖርኩ፤ አንተ ለካ እዚሁ ነበርክ፤ ብርድ ልብስህን እንኳ ሳልሰጥህ።»

«ይወዱት ነበር ማለት ነው» አለና ጻፈ መቶ አለቃው። ከዚያ ቀና ሲል፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ፊቱ እንደ ደረቀ ቁርበት የሆነ አንድ ሰው ብቻ አየ። ትክ ብሎ አየው።

«አንተስ? አታለቅስም እንዴ?»

ዶላሞ ሞክሮ ነበረ። እናቱን አሰበ፤ የለማን የታጠፈ እግር አሰበ። ምንም የለም። የእንባውን ጉድጓድ ደርቆ አገኘው።

«እኔ አስተርጓሚ ነኝ ጓድ» አለ።

መቶ አለቃው አሰበበትና ልክ መስሎት ራሱን ነቀነቀ። ኮርሱ ውስጥም ስለ አስተርጓሚ የተባለ ነገር አልነበረም። ገዳዮቹ ያልታወቁ ሽፍቶች ናቸው ብሎ ፋይሉን ዘግቶ፣ በሁለተኛው ቀን አርባ ምንጭ በሚወርድ የጭነት መኪና ተሳፈረ።

ከልካይ ሲሞት ወይዘሮ አስካለ ሦስቱ እንሰት ይነቀሉ አሉ። ነቃይ ፈልጊ ቢሏት አረጋሽ ዶላሞን ጠራች። እሑድ፣ ወይዘሮዋ ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት፣ ሁለቱ ቆፈሩ። ሀብተ ማርያም እንዳለው ለማ እግሩን አጥፎ ነበር። በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው፣ የእንጨት ሸክም አስመስለው፣ እናቱ መቃብር ጎን ወስደው ቀበሩት። ዶላሞ ብቻውን ነው የተሸከመው፤ አልከበደውም። አላለቀሱም፤ ልቅሶው በሌላ ሰው ስም ተለቅሶ አልቋል።

ወይዘሮ አስካለ ሲመለሱ፣ እንደ ደንቡ፣ ለነቃይና ለፋቂ ከሥሩ ቆርሰው ሰጡ። አረጋሽ ቤቷ ቀቀለችው። ድስቱን አውጥታ መሀላቸው አስቀመጠችና እጇን ሰበሰበች። ከየት እንደበቀለ ሁለቱም ያውቃሉ። ሁለቱም ደግሞ ከአርብ ጀምሮ እህል አልቀመሱም።

ዶላሞ አንድ ቆርሶ አኘከ። ገመድ ገመድ ይላል።

«ጨው አንሶታል» አለ።

አረጋሽ ተነስታ ጨው አመጣችለት።