ቴሌቪዥኑ ያጠበው ንቅሳት

ወንድሜ ለፋሲካ ለወላጆቻችን ትልቅ ቴሌቪዥን ገዛላቸው። የቀጨኔው ቤታችን ሳሎን ጠባብ ስለሆነ ቴሌቪዥኑ ሲገባ ቡፌው ወደ ጓዳ ተሰደደ። እኔ ደግሞ ፊልም እንደ ነፍሴ የምወድ፣ በፊልም ጉዳይ ከሰው ሁሉ የምጣላ ሴት ነኝ። ስለዚህ የራሴን ስጦታ በፍላሽ ይዤ መጣሁ፤ እናቴ ወጣት ሳለች የተሠራ አንድ ፊልም።

እናቴ በዚያ ፊልም ውስጥ አለች። ቁስቋም ላይ የሠርግ ትዕይንት ሲቀረጽ ለአጃቢነት ከተጠሩት ልጃገረዶች አንዷ ነበረች። ከሙሽራዋ ኋላ እያጨበጨበች ታልፋለች፣ በቃ። አባቴ ግን ፊልሙን ሲኒማ ቤት አይቶ ያችን ልጅ ካላገኘሁ ብሎ ሰፈሩን ያሰሰ ሰው ነው። የልጅነት ፎቶ ስለሌላት ያንን መልኳን አንድ ጊዜ እንኳ ደግሞ ለማየት ሲመኝ ኖሯል።

ፊልሙ ተጀመረ። ገና ከመጀመሪያው አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ሰዎቹ ሲራመዱ በቅባት ላይ የሚንሸራተቱ ይመስላሉ፤ ሣሩ ዓይን ይወጋል። ያ ሁሉ ፊልም ትናንት ጎረቤት ግቢ የተቀረጸ ድራማ ሆኖ ቁጭ አለ። ወንድሜ ጥራት ነው አለኝ። ጥራትህን ውሰደው ልለው ስል የዱሮዋ እናቴ ከሙሽራዋ ኋላ ብቅ አለች። ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

አባቴ ብቻ ግንባሩን ቋጠረ።

«ይቺ ማን ናት?» አለ። «ንቅሳቷስ?»

እውነቱን ነው። እናቴ አንገቷን የከበበ ንቅሳት አላት። ከገጠር መጥታ አዲስ አበባ ትዳር ከያዘች ወዲህ ታፍርበታለች፤ ሙቀትም ሆነ ብርድ ነጠላዋን ከአንገቷ አታወርድም። ስክሪኑ ላይ ግን አንገቷ የተላጠ እንቁላል መስሏል። ደስታዋን አልደበቀችም። ሐኪም ያቃተውን ቴሌቪዥን አጠበልኝ አለችና ማንም እንዳይነካው አስጠነቀቀች። አባቴ አንገቱን ደፋ። እሱን ሳይ ሪሞቱን አነሣሁ።

አዲስ ቴሌቪዥን ሥራ ይበዛበታል። በድሮ ፊልም ላይ የሚርመሰመሰውን ነጠብጣብ ቆሻሻ መስሎት ይጠርጋል፤ በምስልና በምስል መካከል ደግሞ ከራሱ ሌላ ምስል ፈጥሮ ይሰካል። ንቅሳቱንም ከነጠብጣቡ ጋር ጠርጎት ነበር። እኳላለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች ማለት ይሄ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ መጀመሪያ ቋንቋውን ቻይንኛ አደረግኩት፤ ወንድሜ በሣቅ ፈረሰ። ከብዙ ትግል በኋላ ማለስለሻውንም ማጥሪያውንም ዘጋሁና ፊልሙን ወደኋላ መለስኩት።

ምስሉ ጠቆር፣ ሞቅ አለ። ሰዎቹ እንደ ሰው ተራመዱ። ሙሽራዋ መጣች፤ ከኋላዋ እናቴ፣ ከነንቅሳቷ። አባቴ ተነሥቶ ስክሪኑ ሥር ቆመና ምስሉን አቁሚልኝ አለ።

«ይቺ ናት» አለ። «ሰፈር ለሰፈር ስዞር የጠየቅኩት እኮ በአንገቷ ነው። ባለ ንቅሳቷን ያያችሁ እያልኩ።»

እናቴ ይህን ሰምታ አታውቅም። እስከዚያች ቀን ፊቷን ወዶ የመጣ ይመስላት ነበር። ለአፍታ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን ከአንገቷ አወረደችና ወገቧ ላይ ሸብ አደረገችው።

«ከመጀመሪያው አድርጊው» አለችኝ።