ያልሮጥኩለት አውሮፕላን

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ዳር ዳሩን እንጂ መሀሉን አልነገርኳቸውም። ለእናንተ ለምን እንደምነግራችሁ መጨረሻው ላይ ታውቁታላችሁ።

ወንድሜ ሞገስ የደወለልኝ እዚህ በረዶ አገር፣ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ሳጣጥፍ ነው። ሞባይል ገና ወደ ላሊበላ የገባበት ሰሞን ስለነበር ድምፁ ይመጣል፣ ይሄዳል።

«እታለም፣ አባባን ትንሽ አሟቸዋል። ብትመጪ ጥሩ ነው።»

«እውነቱን ንገረኝ፣ ሞገስ።»

«ታመዋል አልኩሽ እኮ! ብቻ ቶሎ ነይ።»

በእኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። ደሴ ስማር እናቴን «ትንሽ አሟት ነው» ተብዬ ተጠርቼ፣ ስደርስ ድንኳን ተተክሎ ነው ያገኘሁት። የአጎቴንም ሞት «አሞት ነው» ተብዬ ነው የተረዳሁት፤ ከተቀበረ በኋላ። ስለዚህ ወንድሜ «ታመዋል» ሲለኝ አባቴ ሞቱ ብዬ ከአንሶላው ክምር አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ደግሜ አልደወልኩም፤ የምደርስበትን ቀን ብቻ በጽሑፍ መልእክት ላኩለት። ብደውልስ ማን እውነቱን ይነግረኛል?

አባቴ ቄስ ነበሩ። በነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን መንገድ ባለው ቤታችን ዜማ ያስተምሩ ነበር። ከተማሪዎቻቸው ለአንዱ ዲያቆን አጩኝ፤ እኔም እሺ አልኩ። ጠላው ተጠምቆ፣ ዘመድ ከኮን ከተማ ድረስ ተጠርቶ፣ ለሠርጉ አንድ ቀን ሲቀረው ጠፋሁ። እምቢ ማለት ያባት ነው፤ እሺ ብሎ አባትን በአገር ፊት ማዋረድ ግን ምን ይባላል? አባቴ በተጠራው ሰው ፊት ገዘቱኝ። «እኔ ሳልፈታት ደጄን እንዳትረግጥ» አሉ። ከዚያ ወዲህ በሄድኩበት ሁሉ ቅዳሴ አላጎደልኩም፤ ወደ ቁርባን ለመቅረብ ግን ደፍሬ አላውቅም። ግዝት ያለባት ሴት እንዴት ብላ?

እንግዲህ መንገድ ስጀምር በሆዴ የነበረው ሐዘን ብቻ አይደለም። ንዴትም ነበረበት። ሳይፈቱኝ ሄዱ! አሥሬ ያንኑ እላለሁ፤ ሳይፈቱኝ ሄዱ።

ፍራንክፈርት የደረስነው በጭጋግ ምክንያት ዘግይተን ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደን አውሮፕላን ሊነሣ ደርሷል፤ በሩ ደግሞ በዚያ ማለቂያ በሌለው አዳራሽ በሌላኛው ጫፍ ነው። አብራኝ የወረደች አንዲት የወልድያ ሴት ነበረች፤ የወለደች ልጇን አርሳ የምትመለስ፣ ወፈር ያለች፣ ጨዋታ አዋቂ። እትዬ ዘነቡ ትባላለች። ጫማዋን አውልቃ ብብቷ ውስጥ ሸጎጠችና ነጠላዋን አሸርጣ ሩጫዋን ጀመረች።

«አንቺ! እንደ ሙሽራ ምን ትጎተቻለሽ? ሩጪ እንጂ!»

«እትዬ፣ አንደርስም፤ ይቅርብን።»

«ኧረ የት አባቱና ነው የማንደርሰው! እኔ ይህን ሁሉ ገላ ተሸክሜ እየሮጥኩ፣ አንቺ መቃ አክለሽ አንደርስም ትያለሽ?»

ሳልወድ ፈገግ አልኩ። ጥቂትም ሮጥኩ። ከበሩ ላይ የቆመች ሠራተኛ በሬዲዮ እየተነጋገረች በእጇ «ቶሎ፣ ቶሎ» ስትለን ታየችኝ። በሩ ክፍት ነበር። ይህን አስምሬ እነግራችኋለሁ፤ በሩ ክፍት ነበር።

ቆምኩ። እኔ ነኝ የቆምኩት። እግሬ አልዛለም፣ መንገድ አልጠፋኝም፣ የያዘኝም ሰው የለም። እትዬ ዘነቡ ከበሩ ላይ ዞራ «ነይ እንጂ!» ብላ ጮኸች። በእጄ ሂጂ አልኳት። ሄደች።

ለምን ቆምኩ? ለሞተ ሰው ምን ያስሮጣል ብዬ ነው። ዛሬም ብደርስ ነገም ብደርስ ያው ለቅሶ ነው ብዬ። ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ከዚህ የከፋውን ነው እስከ ዛሬ የዋጥኩት፤ «ስንት ዘመን በራቸውን ዘግተውብኝ የለም? እስቲ እሳቸውም አንድ ቀን ይጠብቁኝ» አልኩ። በልቤ ነው ያልኩት፤ ግን ብያለሁ።

ከዚያ ምን አደረግኩ? አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ዳዊቴን ገለጥኩ። ላባቴ ነፍስ ጸለይኩ። ለካ ገና በሕይወት ላሉት አባቴ «ጌታዬ ሆይ፣ ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ አኑርልኝ» አልኩ። ሰው በጸሎት ጀርባ ይደበቃል? እኔ ተደብቄያለሁ። በማግስቱ በሚሄደው አውሮፕላን ቦታ ሰጡኝ።

ላሊበላ ስወርድ ሞገስ ጥቁር ለብሶ ቆሞ ነበር። ተቃቅፈን አለቀስን። ትንሽ ቆይቶ «ትናንት አረፉ» አለኝ።

«ትናንት?»

«ታመዋል ብዬሽ አልነበር፣ እታለም?»

በመንገድ ላይ ነገረኝ። እኔ በደረስኩበት ዋዜማ የቀኑ አውሮፕላን በቤታችን ላይ ሲያልፍ አባቴ ሰምተው «መጣች፤ ቀና አርጉኝ» አሉ። ግድግዳ አስደግፈው አስቀመጧቸው፤ የእጅ መስቀላቸውን አስያዟቸው። ሞገስ እኔን ሊቀበል ወርዶ ብቻውን ተመለሰ። «የለችም» ሲላቸው «አስተኙኝ» አሉ። እዚህ ላይ ሞገስ ወሬውን ቀየረ።

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ይጠይቀኛል፤ ምነው በትናንቱ ሳትመጪ? እኔ «አውሮፕላኑ ጥሎኝ ሄደ» አልኩ። አንዷ አሮጊት «ስብርብሩ ይውጣ!» ብለው አውሮፕላኑን ረገሙልኝ። ሌላዋ «የሰማይ መንገድ ነው፣ ምን ታድርግ ልጄ» ብለው አቀፉኝ። ታቀፍኩ። ያልተገባኝን እቅፍ እንባዬን እያፈሰስኩ ተቀበልኩ። ዋሽቼ ተጽናናሁ።

ሞገስም፣ አክስቶቼም፣ ተማሪዎቻቸውም አንድ ቃል ሰጡኝ፤ «ፈትተውሻል፤ አይዞሽ።» አንዳቸውም ግን እንዴት ብለው እንደፈቱኝ፣ ምን ምን እንዳሉ አልነገሩኝም። ስጠይቅ ዓይናቸው ወደ መሬት ይሄዳል። ይኸው ዛሬም በቅዳሴው መጨረሻ ሰዉ ለቁርባን ሲሰለፍ እኔ ዓምዱን ተደግፌ እቀራለሁ።

ያን ቀን ከአባቴ አልጋ አጠገብ ለነበራችሁ፣ አንተም ሞገስ፤ እነሆ እኔ እውነቱን ነገርኳችሁ። አውሮፕላኑ አልጣለኝም። ንዴቴንም፣ ያገራችንንም ልማድ ሰበብ አላደርግም፤ ደግሜ ብደውል ኖሮ በሕይወት እንዳሉ ድምፃቸው ራሱ ይነግረኝ ነበር። ይቅርታችሁን ለመጠየቅ አፍ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፤ «አስተኙኝ» ካሉ በኋላ ያሉትን፣ አንድም ቃል ሳትቀንሱ ንገሩኝ። ፈትተውኝ ከሆነ በእሳቸው ቃል ልስማው። ሳይፈቱኝ ሄደው ከሆነም፣ እባካችሁ፣ አታባብሉኝ።