በብሩክታይት ውስጥ የቀረችው ልጅ

ጥር ፲፪ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም. የቢቸናዋ ብሩክታይት በሳንባ ምች ስታርፍ፣ የጀመረችው ሰፌድ ጠርዙ አልተዘጋም ነበር።

በተጋቡ ሰሞን ባሏን ደምለውን ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነበር። ድምፅዋ በድንገት የሕፃን ይሆንና ጓዳ ገብታ ትሸሸጋለች፤ ሲመለስላት አታስታውሰውም። ገበያ ወጥታ የት እንደዋለች ሳታውቅ ስለምትመለስ ብቻዋን መላክ ቀረ። እሱም ዛር መስሎት «ማን ነህ? ልቀቃት!» እያለ ይጮኽባታል፤ በእሷ ድምፅ የምትናገረው ሕፃን ይብስ ትንቀጠቀጣለች።

ሞጣ ወስዶ ያሳያት የአእምሮ ሐኪም እንዲህ አለው፦ «በልጅነቷ አሳዳጊዋ ሲደበድባት መከራው ከአቅሟ በላይ ሆነ፤ አእምሮዋም ከፋፍሎ ያዘው። የምትባረር ሌላ የለችም፤ ሁሉም እሷው ናት። ሕክምናው ረጋ ብሎ መነጋገር ነው፤ ዓመታት ይፈጃል።»

ሕፃኗ ዳግም ስትመጣ «እንዳትመታኝ» አለችው።

«እኔ እያለሁ ማን አባቱ ይነካሻል? ነይ፣ ቆሎ ብዪ።»

ሐኪሙ ዘንድ ስትመላለስ ዓመታት አለፉ። ኋላ ኋላ ራሷ ትቀልድ ጀመር።

«ለመሆኑ ስንታችንን ነው ያገባኸው?»

«ሽማግሌ የላክሁት ለአንዷ ነበር፤ ሁላችሁም መጣችሁብኝ!»

ሳንባ ምቹ ከመያዙ በፊት በነበረው ቅዳሜ ብቻዋን ወፍጮ ቤት ሄደች። ጤፉን አስፈጭታ ተመለሰች፤ መንገድ ላይ ያገኘቻቸውን ሰዎች ሁሉ አንድ በአንድ እያወራችለት ዱቄቱን ጓዳ አስገባች።