ለእውነተኛ ደም ተጨበጨበ

ዛሬ ሰንሻይን ዌስት በሚባለው ሰፈራችን፣ በሬስሊንግ (የትርኢት ትግል) አዳራሽ ውስጥ ጀማል ግንባሩን በብረት ወንበር ተመትቶ ወደቀ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ።

ጀማል ሬስሊንግ ትቶ ስለ ሬስሊንግ በፎቶኮፒ የሚባዛ መጽሔት የሚያወጣ የወሎ ልጅ ነው፤ ዛሬም የመጣው ሊዘግብ ነበር። በወንበር የመታው ግዙፍ ሬስለር ባልደረቦቹን የምር እንደሚሰብር ጀማል በመጽሔቱ ጽፎበት ነበር።

ለስላሳ መሸጤን ትቼ «ደሙ የምር ነው፣ አምቡላንስ ጥሩ!» ብዬ ጮህኩ።

«ይረጋጉ ጋሼ፣ ተነጋግረውበት እኮ ነው» አለኝ አንድ የሰፈራችን ልጅ። ለስላሳም አዘዘኝ።

ሬስለሮች ወድቀው ደህና ከሆኑ፣ እጃቸውን የያዘውን ሰው በስውር ጨበጥ ያደርጉታል። የጀማልን እጅ ያዝኩ፤ አልጨበጠኝም። ያን ጊዜ ዳኛው ራሱ ወደ ስልክ ሮጠ።

አምቡላንስ ውስጥ ጀማል ጣቶቼን ጨበጥ አድርጎ ዓይኑን ገለጠ።

«ጋሼ፣ ያጨበጨቡት ለኔ ነው ለሱ?»

«ላንተ ነው» አልኩት።

እናንተስ፣ የምር ጮኻችሁ «ትያትር ነው» የተባላችሁበት ቀን አለ?