የፈረንጁ ሸርጣኖችና የእኔ እንዶድ

በጃንሆይ ጊዜ መርሳ፣ የመንገድ ሠሪዎቹ ካምፕ ውስጥ፣ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ቤት አራት ዓመት በሠራተኝነት ኖሬያለሁ። ባሌ ሞቷል። አንዲቱ ልጄ ወልድያ ዘመድ ቤት ተቀምጣ ትማራለች። እኔ ከሥራ ብባረር ትምህርቷም ያበቃል።

ፈረንጁ ሳሎኑ ውስጥ የመስታወት ገንዳ ነበረው። ውሃውን ከአሰብ በበርሜል ያስመጣል፤ ድንጋዩም ዓሣውም ከዚያው ከባሕር ነው። ከሁሉ የሚገርሙት ሸርጣኖቹ ነበሩ። አውራ ጣት የሚያህሉ፣ የሞተ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እንደ ቤት ለብሰው የሚዞሩ። መስታወቱና ድንጋዩ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ዝልግልግ እየለቀሙ ይበላሉ። ፈረንጁ በተሰባበረ አማርኛው፣ "እነሱ ያጸዳሉ፤ አንቺ እጅ አታስገቢ" ብሎኛል።

ዘበኛው እዚያው አቅራቢያ ካለችው ከግራና ከተማ የመጡ፣ ሽማግሌ ሙስሊም ነበሩ።

"አየሻቸው? ከቤታቸው ሳይወጡ ይበላሉ፤ ይኸም ሥራ ተባለ!" ይሉኛል።

"አንቱስ በር ላይ ተቀምጠው አይደል የሚበሉ፣ አባባ?" ስላቸው ይስቃሉ።

አንድ ጊዜ ፈረንጁ አዲስ አበባ ሄዶ ሰንብቶ፣ ነገ ከአለቆቹ ጋር እንደሚመለስ ተነገረኝ። የገንዳው አንድ ጎን አረንጓዴ ለብሷል፤ ሸርጣኖቹ አልደረሱበትም። እንግዶቹ አይተው "ሠራተኛህ ሰነፍ ናት" ቢሉትስ? ፈራሁ። ነጠላዬን የማጥብበትን እንዶድ ወቅጬ፣ ጨርቅ አረፋው ውስጥ ነክሬ መስታወቱን ከውስጥ አሸሁት። እንደ ምንጭ ውሃ ጠራ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጠዋት ስገባ ዓሣዎቹ ተንጋለው ተንሳፍፈዋል። ሸርጣኖቹ ከቅርፊታቸው ወጥተው ድንጋዩ ሥር ወድቀዋል። ገላቸው ለስላሳ፣ ጠምዛዛ፣ እንደ ጨቅላ ጣት ነው። ከእኔ እንዶድ በቀር የነካቸው ነገር የለም።

ፈረንጁ ከአለቆቹ ጋር መጥቶ ሲያይ ጮኸ። "የቢምቢ መርዝ፣ ፍሊት፣ ማን ነፋ?"

"እኔ ነኝ ጌታዬ" አሉ ሽማግሌው። "ለቢምቢው፣ በረንዳው ላይ ብቻ፣ ራስዎ እንዳዘዙኝ። ወላሂ ወደ ውስጥ አልገባሁም።"

"አንተ ነህ የገደልካቸው! ውጣ!"

እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜያለሁ። ያ ጨርቅ ጓሮ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ይታየኛል። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ደረሰ፤ ልጄ ፊቴ ድቅን አለችና ዋጥኩት።

የዚያኑ ቀን ሽማግሌው ጋቢያቸውንና ከሶላት በፊት የሚታጠቡበትን የውዱእ ጣሳቸውን ይዘው ወጡ። "አንቺንም እንዳያባርርሽ ተጠንቀቂ። ልጅሽን አስተምሪ" አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ግራና ገበያ አየኋቸው። የሰው አህያ ይጠብቃሉ፤ ከስተዋል። ልሸሽ ስል ጠሩኝ።

"ልጅሽ እንዴት ናት?"

"ደኅና ናት፣ አባባ። ስምንተኛን አለፈች።"

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ፤ ፊታቸው በራ።

አሁን ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ። ግን ፈረንጁ ዘንድ ገና እየሠራሁ ነበር። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩና መንገዴን ቀጠልኩ።