የንስሐ አባቴ የታሰሩበት ቀን

ከቡሬ በፒክአፕ ጭነው ፍኖተ ሰላም ሲያደርሱኝ የጠመኔው ብናኝ ገና ከእጄ አልለቀቀም ነበር። ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር ይላሉ። መስኮቱ ከሰው ቁመት በላይ የተበሳ አንድ ቀዳዳ ነው። ቀን ፀሐይ ሲመታው የዋለው ቆርቆሮ ሲመሽ ጧ ጧ እያለ ይቀዘቅዛል። የሰው ላብና የሽንት ባልዲ ሽታ ሁሉን ቢውጠውም፣ ጉንጩን ወለሉ ላይ አድርጎ ለተኛ ሰው በቆሎ በቆሎ ይሸተዋል።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው። ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ቀበሌ መምህር ነበርሁ፤ በምርጫውም ታዛቢ ሆኜ ውያለሁ። ክሱ «ገበሬውን ሰብስቦ መንገድ ዝጉ ብሏል» ይላል። አላልሁም። ዐቃቤ ሕጉ የምስክሩን ስም ሲያነብ ግን እንዲደግመው ጠየቅሁ። ምስክሩ የንስሐ አባቴ ናቸው። እኔን ያጋቡ፣ ልጆቼን ያጠመቁ፣ ከእናቴ እንኳ የደበቅሁትን ኃጢአት የሚያውቁ ሰው። ሁለት ወር ሙሉ ያን ስም እንደ ጠጠር በአፌ ይዤ ከረምሁ።

ምስክር የሚሰማበት ቀን የዋለው በነነዌ ጾም፣ ማክሰኞ ነው። አባ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ገቡ። ወደ እኔ አላዩም። ዳኛው ወረቀቱን አሳዩዋቸው።

«ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?»

«ፊርማው የእኔ ነው፣ ጌታዬ። ቃሉ ግን የእኔ አይደለም።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ይህ ልጅ መንገድ ዝጉ ሲል አልሰማሁም። ሰምቻለሁ ብዬ የፈረምሁት ፈርቼ ነው።»

ዐቃቤ ሕጉ ብድግ አለ። «አባ፣ አስበው ይናገሩ። በሐሰት መመስከር ያሳስራል።»

«አስቤማ ነው የመጣሁ። ያላሰብሁስ የፈረምሁ ዕለት ነው።»

ከኋላ አንዲት ሴት ስቅስቅ ስትል ሰማሁ። እኔ አላለቀስሁም፤ ደስም አላለኝ። አግዳሚውን ጨብጬ ተቀመጥሁ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት የመጋዘኑ በር ተከፈተና አባን አስገቧቸው። የእጅ መስቀላቸውንና ጥምጥማቸውን በር ላይ ተቀብለዋቸዋል። በሃያ ዓመት ትውውቃችን ራሳቸውን ገልጠው አይቻቸው አላውቅም። ፀጉራቸው ሳስቷል፤ ጥምጥሙ የሚያርፍበት ቆዳ ከፊታቸው ፈካ ብሏል። ድንገት አንድ የደከማቸው ሽማግሌ ሆኑብኝ።

እስረኛው ሁሉ ተነሣ። «ይባርኩን፣ አባ!»

«ተቀመጡ ልጆቼ። እኔ ዛሬ የምባርክ አይደለሁም።»

መጥተው ምንጣፌ ጫፍ ላይ ቆሙ። አልተነሣሁላቸውም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ፤ ይህን ስጽፍ ዛሬም ያሳፍረኛል። እሳቸው ባዶው ወለል ላይ ተቀመጡ።

«እየኝ አልልህም፣ ልጄ። ስማኝ ብቻ።»

ቀስ ብለው ነገሩኝ። ሁለት ሰዎች ቤታቸው ድረስ መጥተው ነበር። ወንድ ልጃቸው በጤና ሠራተኝነት የተቀጠረው በቅርቡ ነበር። «ከፈረሙ ልጅዎ ሥራው ላይ ይቆያል» አሏቸው። ልባቸው ተው እያላቸው ፈረሙ። ከዚያ ወዲህ መቅደስ አልገቡም፤ ለሰው ወገቤን አሞኛል ይሉ ነበር።

«ትናንት የዮናስ መጽሐፍ ሲነበብ ከቅጽሩ ውጪ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ሰማሁት። ስንት ዘመን ሳነበው የኖርሁት ነው፤ እንደ ትናንቱ ግን ሰምቼው አላውቅም። እሱ ያምላኩን ቃል እንቢ ብሎ ሄዶ መርከብ ውስጥ ተኛ። ማዕበሉ የመታው ግን ምንም ያላደረጉትን መርከበኞች ጭምር ነው። እኔ ተኛሁ፤ አንተ ተመታህ።»

ግድግዳውን በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ አደረግሁ።

«ዮናስስ ቶሎ ወደ ባሕር ጣሉኝ አለ» አሉ። «እኔ ለዚያም ሁለት ወር ፈጀብኝ።»

ያኔ ዞርሁ። «ልጅዎስ?» አልኋቸው።

«ዛሬ ጧት ነገርሁት። ምንም ሳይለኝ ወጥቶ ሄደ። እኔ ልጠብቀው ብዬ ያደረግሁትን አየህ። እንግዲህ ለሰጠኝ አምላክ ትቼዋለሁ፤ እሱ እንዳለ ይሁን።»

ይህን ብለው ጎንበስ አሉና እግሬን ሊይዙ እጃቸውን ዘረጉ። ብድግ ብዬ ክንዳቸውን ያዝሁ። ክንዳቸው ቀሎኝ ደነገጥሁ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልሁ። ከአፌ ወጣ። ከልቤ መውጣቱን ግን አላወቅሁም።

ሲመሽ ከስንቄ የሽንብራ ቆሎ አወጣሁ። መስቀል የለምና በጣታቸው አማተቡበት፤ ከአንድ ፌስታል እየዘገንን ጾማችንን ፈታን።

በማግሥቱ ጧት ለቆጠራ ከመውጣታችን በፊት ራሳቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ለመሸፈን ሲታገሉ አየሁ። ባለቤቴ የላከችልኝን፣ እንደ ትራስ የምተራሰውን ነጠላ አወጣሁና በቁመቱ ቀደድሁት።

«ጎንበስ ይበሉ እስቲ፣ አባ።»

ጠምጥሜ አላውቅም። ወደ ግራ ጋደለ። እስረኛው ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። ውጪ ተራ ይዘን ቁጢጥ እንዳልን የሚቆጥረው ጠባቂ አባ ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

«ምንድን ነው እሱ? ማን ፈቀደልዎት?»

«መስቀሉ አንተ ዘንድ ይቀመጥልኝ፣ ልጄ» አሉት ዝግ ብለው። «ራሴን ግን ልሸፍነው።»

ጠባቂው ያጋደለውን ጥምጥም አየ። ከዚያ «አሥራ ሰባት» ብሎ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።

እሑድ ልጃቸው ሊጠይቅ መጣ። አባ በመሰከሩ በሦስተኛው ቀን ከሥራ አሰናብተውታል። አባ በመሃል ያለውን የሽቦ አጥር ይዘው ቆሙ። እሱ ሁለት የስንቅ ዕቃ አቀበለ።

«አንዱ የመምህሩ ነው» አለ። ቀጥሎም ወደ አባቱ ሳያይ፣ «በዚያ ዋጋ መሆኑን ቢነግሩኝ፣ አባዬ፣ ሥራውን ራሴ እተውላቸው ነበር» አለ።

ወር ሳይሞላ እኔ ነፃ ተባልሁ። አባ አንድ ዓመት ተፈረደባቸው። የወጣሁ ዕለት በሩ ላይ እግሬ አልሄድ አለኝ።

«ሂድ እንጂ! ልጆችህ ይጠብቁሃል» አሉኝ። «የእኔን እኔው ልጨርሰው። የእጄን ነው ያገኘሁት።»

እሑድ እሑድ ከልጃቸው ጋር እየተፈራረቅን ከቡሬ ስንቅ አመላለስን። አባ ተፈትተው፣ ለአለቆቻቸው ተናዝዘው፣ ቀኖናቸውን ጨርሰው ወደ መቅደስ ከተመለሱ በኋላ ንስሐ ልገባ ሄድሁ።

«አባ፣ ያን ዕለት ይቅር ያልሁዎት በአፌ ነበር። ከእስር ቤት ስወጣ ቂሜን ይዤው ወጥቻለሁ።»

«አውቄዋለሁ» አሉ። «ስንቁን ስታቀብለኝ ዓይንህ መሬት መሬት ያይ ነበር።»

«እያወቁ ምነው ዝም አሉኝ?»

«እሑድ እሑድ ትመጣ ነበራ! ምን ልበልህ?»

አባ ካረፉ ቆየ። እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ። ቂሙ መቼ እንደለቀቀኝ ቁርጡን አላውቅም። ሚኒባስ ውስጥ ስንቁን ጭኔ ላይ ይዤ፣ ሾፌሩ ሰው ለመጫን በየመንደሩ ሲቆም፣ «ኧረ ፈጠን በል ወንድሜ፣ ምግቡ ቀዘቀዘባቸው!» ብዬ የጮህሁበት አንድ እሑድ ግን ትዝ ይለኛል።