ፀሐይ የበላው ደብር

የታሰርኩበት ክፍል ከአራዳ ገበያ በላይ፣ ዛሬ ፒያሳ ከሚሉት ዳገት ላይ፣ በጭቃ የተመረገ አንድ መስኮት ብቻ ያለው ቤት ነበር። በመስኮቱ ጭንቅላት አያልፍም። በእሱ በኩል ቁልቁል የእሪ በከንቱ ሰፈር ጎጆዎች ክዳን ይታያል፤ ከነዚያ አንዱ የኔ ቤት ነው። የትኛው እንደሆነ ግን ከላይ ሆኜ መለየት አቃተኝ። ስድስት ዓመት የኖርኩበትን ቤት አለማወቄ ከሰንሰለቱ ይልቅ አበሸቀኝ። ሰው ሲታሰር የሚናደደው በማይረባ ነገር ነው።

ሰንሰለቱንም ለብቻዬ አልያዝኩትም። በዚያ ዘመን በከባድ ነገር የተከሰሰ ሰው ከከሳሹ ጋር በአንድ ሰንሰለት ይታሰር ነበር፤ የአንዱ ቀኝ እጅ ከሌላው ግራ እጅ። ፍርድ እስኪሰጥ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ፣ አብረው ደጅ ይወጣሉ። ቁራኛ ይባላል። ሰው በሐሰት እንዳይከስ የታሰበ ብልሃት ነው ይላሉ። ብልሃቱን ያወጣው ሰው አንድ ሳምንት ቁራኛ ሆኖ ቢያየው ደግ ነበር።

የኔ ቁራኛ ስድሳን የተሻገሩ የባሩድ ቤት ዘበኛ ነበሩ። ከከተማው የሁለት ቀን መንገድ ከሚርቅ ተራራ ነው የመጡት። ተራራው አናት ላይ አንድ ጥንታዊ ደብር፣ ከደብሩ ዝቅ ብሎ ደግሞ የመንግሥት ባሩድ የሚቀመጥበት ቤት ነበር። እኔ የሄድኩት ለደብሩ ነው። ሥራዬ ፎቶግራፍ ማንሳት ነው፤ አራዳ ሱቅ ከነበረው አንድ አርመን ተማርኩ። የሙያ ባልንጀሮቼ መኳንንቱን ከነካባቸው ሲያነሱ እኔ የፎቶ ማንሻ ሣጥኔን በበቅሎ ጭኜ ተራራ፣ ፏፏቴና አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ፍለጋ እዞር ነበር። የአራዳ ሰው ለነገር አያንስምና፣ "ድንጋዩ ፎቶውን ሊወስድ መቼ ይመጣል?" እያለ ይቀልድብኛል።

ደብሩ ሊፈርስ መሆኑን የሰማሁት ከአንድ ቄስ ነው። የሣር ክዳኑ ወርዶ፣ ግንቡ ተንዶ፣ በምትኩ ባለ ቆርቆሮ ሊሠራ ነበር። ተጣድፌ ቀድሜ ደረስኩ። ሦስት ቀን ከርሜ አሥራ ሁለት መስተዋት ሞላሁ፤ በሮቹን፣ ከወይራ የተጠረቡትን መስኮቶች፣ ጢስ ያጠቆራቸውን የግድግዳ ቅዱሳን፣ ከቅጥሩ ማዶ ያለውን ገደል። ያን ጊዜ ፎቶ የሚነሳው በመስተዋት ላይ ነበር። በአራተኛው ቀን ግንቡን መናድ ጀመሩ፤ በዚያው ቀን እኔም ተያዝኩ። ሽማግሌው ዘበኛ ጥቁር ጨርቅ ተከናንቤ ሣጥኑ ላይ እንዳጎነበስኩ አይተውኝ ኖሯል። "የባሩድ ቤቱን በር በመነጽር ሲሰልል አገኘሁት" ብለው ከሰሱኝ። ከተማው በሹክሹክታ የሚታመስበት ጊዜ ነበር፤ ንጉሡ ታመዋል ይባላል፣ መኳንንቱ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። ሥዕሉን ለማን ልትሰጠው ነው አሉኝ። ለማንም አልኩ። ማን ይመነኝ?

በታሰርኩ በዘጠነኛው ቀን ጠዋት እኔና ሽማግሌው ወደ ግቢው ተጠራን። ስወጣ የመስተዋቶቼን ሣጥን ሣሩ ላይ አየሁት። ክዳኑ ዳር ዳሩን እኔ ራሴ በሰም እንዳሸግሁት ነው፤ ማንም አልነካውም። ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ሹሙ ወንበር አስወጥቶ ተቀምጧል፣ ጸሐፊው አጠገቡ ቆሟል።

"ክፈቱት" አለ ሹሙ።

"ጌታዬ፣ በፀሐይ ከተከፈተ ያለው ሥዕል ሁሉ ይጠፋል" አልኩ።

"እንዴት ሆኖ?"

"መስተዋቱ ገና አልታጠበም። በጨለማ ቤት ውስጥ፣ በመድኃኒት መታጠብ አለበት። አንድ ጨለማ ክፍልና ውሃ ይስጡኝ፤ ዕቃው ቤቴ አለ። ያነሳሁትን ሁሉ ዛሬውኑ በዓይንዎ ያያሉ። የባሩድ ቤት ካገኙበት ይስቀሉኝ።"

ጸሐፊው ሳቀ። "ብርሃን የሚፈራ ሥራ ደግሞ የምን ሥራ ነው?"

ሹሙ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። አገጩን እየዳበሰ ጥቂት አሰበና፣ "ምን ገዶኝ፤ ዕቃ ቤቱን አጨልሙለት" አለ። እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ።

ያላሰብኩት ሰንሰለቱን ነው። ቁራኛ ያለ ፍርድ አይፈታም። እኔ ጨለማ ቤት ከገባሁ ሽማግሌውም አብረውኝ መግባት አለባቸው። ይህን ሲረዱ ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ ሰንሰለቱ እጄን ጎተተው።

"እኔ አልገባም" አሉ።

"አባቴ፣ ጥቂት ጊዜ ነው።"

"ጨለማ ቤት! መድኃኒት! ጥቁር ጨርቅ! ይህ የጥንቆላ ሥራ ነው። እኔ ቆራቢ ነኝ። በስተርጅና ነፍሴን አላስበላም።"

"እጄን ይዘው ነው የሚቆሙት። ከፈሩ ዓይንዎን ይጨፍኑ።"

"በጨለማ ዓይን መጨፈን ምን ይረባል?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

"ሥዕሉ ከታየ እኮ ክሱ ያልቃል። እርስዎም አገርዎ ይገባሉ።"

"አልገባም አልኩህ፣ አንተ ልጅ! ይግደሉኝ እንጂ አልገባም!"

መስቀል ይዘው ይግቡ አልኩ። ቄስ ይጠራና ደጃፉ ላይ ይጸልይ አልኩ። በነጻ እጃቸው ደጋግመው አማተቡ፤ ሰንሰለቱ እስከፈቀደ ድረስ ራቁኝ። ሰውየው ተንኮል አልያዙም፤ የምር ፈርተዋል። ለተንኮል መልስ አይጠፋም፣ ለፍርሃት ግን ምን ይባላል?

ሹሙ ሰለቸው። "ከሳሹን አስገድጄ ጨለማ አላስገባም፣ ቁራኛም አልፈታም። ሕግ ነው" አለና ለወታደሮቹ በእጁ ምልክት ሰጠ።

ሰሙ ሲሰነጠቅ ሰማሁ። መስተዋቶቹን አንድ በአንድ እያወጡ ሣሩ ላይ ደረደሯቸው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ አንድ ደመና ቢያልፍ ብዬ ቀና አልኩ፣ ቢያልፍስ ምን ሊያደርግልኝ! መስተዋቶቹ መጀመሪያ እንደ ወተት ነጭ ነበሩ፤ እያየኋቸው ወደ አመድ መልክ ዞሩ። በተራቸው አውቃቸዋለሁ፦ የመጀመሪያው የምዕራቡ በር ነው፣ አራተኛው መስኮቱ፣ ዘጠነኛው ቅዱሳኑ። አንዱ ወታደር አገላብጦ አይቶ፣ "ባዶ ነው እኮ!" አለ። ዓይኔን ልሸፍን እጄን ሳነሳ የሽማግሌውም እጅ አብሮ ተነሳ። ለብቻዬ ፊቴን መሸፈን እንኳ አልቻልኩም። በሰው ሁሉ ፊት አለቀስኩ።

ሹሙ እስክጨርስ ጠበቀኝ። "በል፣ ነገሩ ቀለለ" አለ። "በመስተዋቶቹ ላይ ምንም ሥዕል አልነበረም ብለህ ማል። ሥዕል ከሌለ ክስ የለም። ሁለታችሁም ዛሬውኑ ትፈታላችሁ።"

"መስተዋቱ ለመስኮት ይሆነናል" አለ ጸሐፊው።

ሽማግሌው በክርናቸው ጎሰሙኝ። "ማል እንጂ ምን ትጠብቃለህ! ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር። እርሻዬ ይጠብቀኛል።"

የተጠየቅሁት ቀላል ነገር ነው። ቤቴ ከዳገቱ ሥር ነው፤ ተንደርድሬ ብወርድ ምሳ ሳይደርስ እገባለሁ። ነገር ግን ግንቡ ፈርሷል፤ መስተዋቱ ጠፍቷል። ስለዚያ ደብር የቀረኝ ቃሌ ብቻ ነው። እሱንም በመሐላ ካስረከብኩ ምን አለኝ?

የተንሸራተተ ነጠላዬን በግራ እጄ መለስኩና፣ "ነበረበት" አልኩ።

"ምን?"

"ደብር ነበረበት፣ ጌታዬ። አልነበረም ብዬ አልምልም።"

"ልታሳየኝ ትችላለህ?"

"አልችልም።"

"እንግዲያው ተመለስ" አለ። ቁጣ እንኳ አልነበረበትም።

አራት ወር ተጨመረብን። ክረምቱ ገባ፣ የሽማግሌው እርሻ ጾም አደረ። አንድ ሳምንት ሙሉ አላናገሩኝም። ከዚያ በኋላ ግን ብርዱ ሲበረታ ጋቢያቸውን ከኔ ላይም ጣል ማድረግ ጀመሩ፤ ሰንሰለቱ አጭር ስለሆነ ነው ይላሉ እንጂ ሌላ ምክንያት አልሰጡም። በመጨረሻ አንድ ቀን ማንም ምንም ሳይጠይቀን ፈቱን።

ከዓመታት በኋላ አራዳ ገበያ መሐል አንድ ሽማግሌ ክንዴን ያዙኝ። እሳቸው ነበሩ፤ ከስተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ከሰላምታው በኋላ ክንዴን ሳይለቁ ጠየቁኝ።

"እውነት ደብሩ ነበረበት?"

"ነበረበት፣ አባቴ።"

"በስተምዕራብ የነበረው ትልቅ ጥድስ? እናቴ ከሥሩ ነው የተቀበረችው። ለቆርቆሮው ማገር ብለው ቆረጡት። አሁን ቦታውም አይታወቅ።"

ጥዱን አላነሳሁትም። በሩን ስለሚጋርድብኝ ሆን ብዬ ነው የተውኩት፤ እሱ እንዳይገባ ሦስት ጊዜ ሣጥኔን አዛውሬያለሁ።

"ነበረበት" አልኳቸው። "ከነሥሩ።"

ትከሻዬን ሳሙኝና በገበያተኛው መሐል ሄዱ።

ለሹሙ አልምልም ያልኩ ሰው ለእሳቸው ያልተጠየቅሁትን ጨምሬ ዋሸሁ። ለእውነት ብዬ አራት ወር አሳሰርኳቸው፣ በውሸት ሸኘኋቸው። ዛሬ እኔም አርጅቻለሁ። ያንን ደብር አይቻለሁ የሚል ሰው ካገኘሁ ብዙ ዘመን ሆነኝ፤ የማመሳክረው የለም። አንዳንድ ቀን ዓይኔን ጨፍኜ በሩን፣ መስኮቱን፣ ገደሉን በየተራ እጠራቸዋለሁ። አሁን አሁን ጥዱም ከበሩ አጠገብ ቆሞ ይታየኛል።